በግራ ጆሮዋ በኩል

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ወገብሽስ ተሻለሽ? እኔ ትናንት አመሻሹ ላይ በሰላም ገብቻለሁ፤ የአጎቴንም መኪና ሳልጭራት መልሻለሁ። የቀረውን በስልክ መናገር ስላቃተኝ ልጽፍልሽ ተቀመጥኩ።

የአረጋውያን መጦሪያው ሰዎች እትዬን የተቀበሏት በደህና ነው። ክፍሏ ንጹሕ ነው፤ አልጋዋ ግድግዳውን ተጠግቷል። ነርሷ ቅጽ ይዛ መጣችና ስንት ሰዓት እንደምትነሳ፣ ሻይዋ ስንት ስኳር እንደሆነ፣ በየትኛው ጆሮዋ እንደምትሰማ ጠየቀችኝ። ስኳሩን አውቀው ነበር። ጆሮውን ግን ቅንጣት ሳልጠራጠር "በግራው" አልኳት። በዚያ መልስ ግራዋ ወደ በሩ፣ ቀኟ ወደ ግድግዳው ሆኖ አልጋው ተነጠፈላት።

ስንሄድ አራት ሰዓት ሙሉ "ይሄን መስኮት ዝጋልኝ ልጄ፣ ነፋሱ ጆሮዬ ውስጥ ያገሳል" ስትለኝ ነበር። በእሷ በኩል ያለው መስኮት ሁለት ጣት ያህል ተከፍቶ እንደተበላሸ ታውቂያለሽ። በመጨረሻ ሻሿን ወተፈችበትና "የአጎትህ መኪና እንደ አጎትህ ናት፤ አፏን አትዘጋም" አለችኝ። ሳቅን።

ሳቁ ድፍረት ሰጠኝና ዓይኔን ከመንገዱ ሳልነቅል ነገርኳት። ሰኞ ሥራ እንደምጀምር፣ ቤቱን እንደምንለቅ፣ የምትቆየውም እንዳልናት ሁለት ሳምንት ሳይሆን ለዘለቄታው መሆኑን። ሙሉ በሙሉ ዞራ ፊቴን አየችኝና "ደግ" አለች። ቆይታም "ደግ" አለች። ሸክም የወረደልኝ መሰለኝ። አድርሻት ስመለስ ከማደያው ደውዬ "ነገርኳት፤ ደግ ብላለች" ስልሽ አንቺ ትንሽ ዝም አልሽና "እንግዲህ በሰላም ግባ" አልሽኝ።

ከዚያ በኋላ ብቻዬን ስነዳ ስለ አዲሱ ቢሮዬ፣ ስለምከራያት ክፍል እያሰብኩ ነበር። አልዋሽሽም፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ግማሽ መንገድ ላይ ሻሿ ከመስኮቱ ወደቀና ነፋሱ ማግሳት ጀመረ። በቀኝ በኩል። ነፋስ የሚያስቸግረው የሚሰማ ጆሮን ነው። እኔ ያን ሁሉ የነገርኳት በግራዋ ተቀምጬ ነው።

መኪናዋን ዳር አስይዤ ቆምኩ። ሃያ ዓመት ያሳደገችኝ ሴት፤ ቤት ውስጥ ሁልጊዜ ራሷ ቦታዋን እያስተካከለች ስለምትቀመጥ የትኛው ጆሮዋ እንደሆነ ማወቅ አላስፈለገኝም። ሳትሰማ ስትቀር "ደግ" እንደምትል ግን አውቃለሁ። ያ ቆጣሪ አንባቢ "ውኃችሁ ሊቆረጥ ነው" ሲላት "ደግ፣ ደግ" ብላ መርቃ የሸኘችውን እያነሳሽ ስንቴ አስቀሽናል።

መመለስ ነበረብኝ። ሁለት ሰዓት ወደ ኋላ፣ ሁለት ሰዓት ወደፊት። ወደፊት ነዳሁ።

ዛሬ ጠዋት ለነርሷ ደውዬ አልጋውን እንድታዞርላት ለመንኳት። ሳቀች። "እሳቸው ራሳቸው ትራሳቸውን ወደ ግርጌ ወስደው ነው ያደሩት። 'ልጄ ሊወስደኝ ሲመጣ መኪናውን ልስማ' ይላሉ። ሻንጣቸውንም አላስፈታ አሉን" አለችኝ።

ቅዳሜ እሄዳለሁ። በቀኟ ተቀምጬ እነግራታለሁ፤ እምቢ ካለችም እሰማታለሁ። ወገብሽ ከፈቀደልሽ አብረሽኝ ነይ። በስልኩ ዝም ያልሽው ለምን እንደሆነ አልጠይቅሽም። ብቻ አብረን እንቀመጥ።

ጤናውን ያብዛልሽ፤ እሷንም እስክንደርስ ያቆይልን።

የአንቺና የእሷ ልጅ