ሁለተኛውን ጠመንጃ አትላክ

ውድ ወንድም ጋሼ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንዴት ነህ? በጣም እንዴት ነህ? ወገብህስ ተሻለህ? ባለቤትህ ደህና ናት? ልጆቹ እንዴት ናቸው ብዬ ብጠይቅ መልሱ እስኪደርሰኝ በቁመት እንደሚበልጡኝ አውቃለሁ፤ ቢሆንም እንዴት ናቸው? እኛ ሁላችንም አለን። ይህን የምልህ እንደ ወጉ አይደለም፤ ዘንድሮ አንድ በአንድ ቆጥሬ ነው። አባባ አሉ፣ እማዬ አለች፣ ባለቤቴ አለ፣ ልጄ አለች፣ እኔም አለሁ። ማንም አልጎደለም።

አባባ እዚሁ አጠገቤ ተቀምጠዋል፤ የምስጋና ደብዳቤ የምጽፍላቸው መስሏቸዋል። አሁን አሁን ቅርብ ያለ ፊደል አይታያቸውም፤ ሩቅ ያለ የዱር አሳማ ግን ይታየኛል ይላሉ። የላከልኝ ጠመንጃ በጥሩ ሁኔታ ላይ እንዳለ ጻፊለት አሉኝ። ይኸው ጽፌአለሁ፤ በጥሩ ሁኔታ ላይ ነው። ከዚህ በታች ያለው የእኔ ቃል ነው። በስልክ ትንፍሽ እንዳልል አስምለውኛል፤ ስለ መጻፍ ግን ያነሱት ነገር የለም።

ጠመንጃው የደረሰ ዕለት አባባን ብታያቸው ደስ ይልህ ነበር። በእጃቸው አሻሹት፣ ሰደፉን ጉንጫቸው ላይ አስጠጉት፣ ላለፈ ላገደመው ሁሉ ልጄ ላከልኝ አሉ። የመሣሪያ ፈቃዳቸው ለአንድ ብቻ ስለሆነ አሮጌውን፣ ያንን ሰደፉ በሽቦ የታሰረውን፣ ለአደን ጓደኛቸው ለአናጢው ሰጡት። አሁን አናጢው በአሮጌው በየሳምንቱ አሳማ ይጥላል፤ አባባ ደግሞ ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። ድንቹን አሳማ ጨረሰው።

የጠመንጃው ጣጣ ከየት ተጀምሮ የት ያልቃል? ሰደፉ እርጥበት ሲነካው እያበጠ በርሜሉን ይገፋዋል፤ ያን ጊዜ ጥይቱ ወደ ግራ ይሄዳል። አባባ ወደ ቀኝ አስተካክለው ማነጣጠር ሲለምዱ ፀሐይ ወጣና እንጨቱ ደረቀ፤ ጥይቱም እውነትም ወደ ቀኝ ሄደላቸው። የጥይቱ ካዝና ሲራመዱ ብቻውን ይወድቃል፤ እኔና እማዬ ግማሽ ቀን ሙሉ ሣር ውስጥ ስንዳብስ ውለን ያገኘነው ጊዜ አለ። የማነጣጠሪያው መነጽር ጉም ይሞላዋል። መጠበቂያው፣ ማለት ጠመንጃው እንዳይተኩስ የምትይዘው ትንሿ ብረት፣ ወደ ፊት ሲገፏት ቋ ብላ ስለምትጮኽ አሳማዎቹ ቀና ብለው አይተዋቸው ይሄዳሉ። አናጢው፣ አሳማዎቹ በስም ሊጠሩህ ምንም አልቀራቸው ብሎ ቢቀልድባቸው ሦስት ቀን አኮረፉት። እስከዚህ ድረስ እኛም እንስቅ ነበር።

ከዚያ አንድ ቀን እርሻው ዳር መጠበቂያዋን ብቻ ሲገፏት፣ ጣታቸው ቃታው አጠገብ ሳይደርስ፣ ባረቀባቸው። ጥይቱ አናጢው ጫማ ሥር ያለውን አፈር አነሣው። ሁለቱ ሽማግሌዎች ተማክረው ለማንም ሳይናገሩ ቀሩ። እኔ ያወቅኩት አናጢው የወንበር እግር ሊጠግንልኝ መጥቶ ሚስማር መያዝ ሲያቅተው አይቼ ስጨቀጭቀው ነው።

ሁለተኛ ጊዜ የባረቀው እዚሁ ቤት ውስጥ ነው። ያለፈው ማክሰኞ ጠዋት አባባ በጓዳ በኩል ጥይቱን ሊያወጡ ተቀምጠው ነበር። የዚህ ጠመንጃ ማቀባበያ፣ ጥይት የሚያጎርሰውና የሚያወጣው ብረት፣ የሚከፈተው መጠበቂያው ሲለቀቅ ብቻ ነው፤ ጥይት ለማውጣት የግድ መልቀቅ አለብህ፣ ስትለቀው ደግሞ ይተኩሳል። እኔ እዚህ ማዶ የደንበኛ ካፖርት እየሰፋሁ ክር አለቀብኝና ወደ መሳቢያው ብድግ አልኩ። ጥይቱ የጣውላውን ግድግዳ በስቶ፣ የተነሣሁበትን ወንበር መደገፊያ ሰንጥቆ፣ ካፖርቱን አልፎ የበሩ መቃን ውስጥ ቀረ። ልጄ ከስፌት መኪናው መርገጫ አጠገብ የወደቀ ቁልፍ ትለቅም ነበር። ወንድም ጋሼ፣ ነፍሴ ከሥጋዬ ተለየች። አባባ ገብተው ወንበሩን አዩ፣ ልጅቷን አዩ። በኋላ ለባለቤቴ፣ ቃታውን ነክቼው ነው፣ እጄ ነው እንጂ መሣሪያውስ ምን አደረገ አሉት። ጥፋቱን በራሳቸው ላይ አላከኩ። እኔ የካፖርቱን ቀዳዳዎች ጠቅጥቄ ሰፍቼ ለባለቤቱ ሰጠሁት፤ እጅሽ ይባረክ ብሎኝ ሄደ። ከዚያ ቀን ወዲህ በር ገጭ ባለ ቁጥር መርፌው ጣቴን ይወጋኛል።

በማግስቱ ደወልክ። አባባ ስልኩን ከእጄ ነጥቀው፣ እንደ ሰዓት ነው የሚሠራው፣ በዘመኔ እንዲህ ያለ መሣሪያ ይዤ አላውቅም አሉህ። አንተም ደስ ብሎህ፣ ለአማቼም ያንኑ ዓይነት ገዝቼለታለሁ፣ ወሩ ሲያልቅ በሰው እልካለሁ አልክ። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ክው አልኩ። ስልኩ ሲዘጋ የአባባ ፊት ዐመድ መስሎ ነበር፤ ያም ሆኖ፣ ልጄ ለፍቶ የላከውን በቤቴ ማንም አያጣጥልም ብለው አስማሉኝ። ባለቤቴ ዳቦ ጋጋሪ ነው፤ ዳቦውን ምድጃ ውስጥ ከሚያስገባበት እንጨት ሌላ ረጅም ነገር ይዞ አያውቅም። አባባ ያሉትን አምኖ የሚመጣውን ጠመንጃ እንደ ሙሽራ ይጠብቃል። ከአሁኑ መስቀያ ሚስማር መትቶለታል። ሚስማሩ ከልጄ አልጋ በላይ ነው።

ከትናንት በስቲያ ዓርብ ደግሞ ማቀባበያው ጥይት እንደ ጎረሰ ነክሶ ቀረ። አሁን ይህን ስጽፍልህ ጓዳ ውስጥ ጆንያ ላይ ተጋድሟል፤ አፈሙዙን ወደ እርሻው አዙረውታል። ውኃ ልንቀዳ ስንገባ ግድግዳውን ታክከን በእግር ጣታችን ነው። ጠመንጃ ጠጋኙ ጋ ብሄድ፣ ይህንን ዓይነት ከዚህ በፊት አይቻለሁ፣ ጥይቱን አውጥታችሁ አምጡት፣ ጥይት የጎረሰ ሱቄ አላስገባም አለኝ። የቸገረን ማውጣቱ መሆኑን ብነግረው በሩን ገርበብ አደረገው። አናጢው፣ ከዛፍ ጋር አስረን መጠበቂያውን ከሩቅ በገመድ እንሳበው አለ። አባባ፣ የልጄን ስጦታ እንደ እብድ ውሻ ዛፍ ላይ አላስርም፣ በመዶሻ መታ መታ አድርጌ እከፍተዋለሁ አሉ። መዶሻውን ዱቄት ውስጥ ደበቅኩት። ትናንት ከአናጢው ቤት ሌላ መዶሻ ይዘው መጡ፤ አሁንም ጉልበታቸው ላይ ነው። ስለዚህ ወንድም ጋሼ፣ እግርህ ሥር ወድቄ እለምንሃለሁ፣ ሁለተኛውን አትላክ። እሳቸውንም ተው በላቸው፤ ከአንተ በቀር የማንንም አይሰሙም።

እዚህ ላይ ስደርስ አባባ፣ ይህን ያህል ምስጋና ከየት አመጣሽ፣ እስቲ አንብቢልኝ አሉኝ። ልቀጥፍላቸው አፌን ከፍቼ ነበር፤ አልሆነልኝም። ከላይ እስከ ታች አነበብኩላቸው። የአሳማዎቹ ጋ አልሳቁም። የሚስማሩ ጋ ስደርስ አስቆሙኝ። የት ነው ያልሽው አሉ። ደግሜ አነበብኩላቸው። ከዚያ መዶሻውን አንሥተው ጭኔ ላይ አስቀመጡና፣ ሁለተኛውን አትላክ በዪው፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ማመስገን አበዛሁ በዪልኝ አሉ። ዛፉ ላይ ግን ከእኔ በቀር ማንም አያስረውም አሉ።

አሁን ጠመንጃውን እንደ ሕፃን ታቅፈው ወጥተዋል፤ አናጢው ገመዱን ይዞ ከኋላቸው ሄዷል። እኔን ከቤት እንዳትወጪ አሉኝ። ስለዚህ ሰላምታውን እየጻፍኩ ጆሮዬን ወደ እርሻው ጥያለሁ። እማዬ ልጄን ይዛ ጎረቤት ናት፤ ስትወጣ ዓይኑን ሳላይ እንዳልቀር በዪልኝ ብላሃለች። ባለቤቴ ዳቦ ቤት ነው፤ ሚስማሩን እኔው ነቅዬ እጠብቀዋለሁ፣ ቢያኮርፍም ሰላም ብሎሃል። ልጄ አንድ የተሰበረ ቁልፍ ላኪልኝ ብላኛለች፤ ፖስታው ውስጥ ታገኘዋለህ። ለባለቤትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ ትልቁን ልጅ ግንባሩን፣ መንትዮቹን ሁለት ሁለት ጉንጫቸውን ሳምልኝ። አናጢው በሕይወት አለሁ በዪልኝ ብሎሃል። አባባ ራሳቸው ሲመለሱ ይነግሩሃል፤ ለእሳቸው ከታች ቦታ ትቻለሁ።

የምትወድህ እህትህ
ከቤት፣ ከስፌት መኪናዬ ላይ
እሑድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ግንቦት ፲፬ ቀን

አሁን ጮኸ። መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። ብዕሩን ጥዬ ቆምኩ፤ ከእርሻው በኩል ምንም የለም፣ ምንም የለም፣ ከዚያ የአባባ ሳል ተሰማኝ።