ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የሚሞተው ማሽን

ሰኞ

ዛሬም ሞተ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ስክሪኑ ጥቁር አለ፤ ትንሽ ቆየና ምንም እንዳልተፈጠረ ራሱን ከፍቶ ቁጭ። የሪፖርቱ ሥራ ድራሹ ጠፋ። ኧረ በማርያም፣ ምን በድዬህ ነው?

ሪፖርቱ ሙሉ ቀን ይፈጃል። ጠዋት እንደገባሁ አስጀምራለሁ፣ ማታ ክፍሉ ሊታሸግ ሲል ያልቃል። ከመሃል ከተቋረጠ እንደገና ከሀ፤ ያኔ ደግሞ እስከ ማታ አይደርስም። ሌሊት እንዳልተወው ማተሚያው ወረቀት የሚያጎርሰው ሰው ይፈልጋል። በዚህ ፋብሪካ ኮምፒዩተር የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ፤ ድሮ እኮራበት ነበር፣ አሁን ግን ተጠያቂዋም እኔ ብቻ ነኝ።

ባለፈው ሳምንት አንድ መሐንዲስ ከአዲስ አበባ መጥቶ አዲስ ፕሮግራም እስኪጭንበት ድረስ እንዲህ ዓይነት አመል አልነበረውም። መሐንዲሱ እንዲያውም፣ "በየሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ሰው በሌለበት፣ ማስተካከያውን አስገብቶ ራሱን ዘግቶ ይከፍታል፤ አትደንግጪ" ብሎኝ ነበር። ሌሊት ስምንት! ይሄኛው የሚሞተው በጠራራ ፀሐይ ነው።

ጀማል፣ የመብራት ሠራተኛችን፣ ይስቅብኛል። "አቦ አንቺ ደግሞ! የድሬ ሙቀት ሰውን ያዞር የለ? እሱንም አዙሮት ነው" ይላል። በየቀኑ ሁለት ሰዓት ላይ ገብቶ የክፍሉን ማቀዝቀዣ የሚያበራው እሱ ነው።

ማክሰኞ

ሞተ። ያውም ጓድ ደምሴ ቆመው እያዩ።

ጓድ ደምሴ የፋብሪካችን ካድሬ ናቸው። ሲቆጡ ድምፃቸው ዝቅ ይላል፤ እሱ ነው የሚያስፈራው። "ሪፖርቱ ቅዳሜ አዲስ አበባ ካልደረሰ ማን ይጠየቃል?" አሉኝ። ማሽኑን ዞር ብለው አዩት። "በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት የሚመጣ ብልሽት አይቼ አላውቅም። በዚያን ሰዓት እዚህ የሚገባው ማነው?"

 እና፣ አፌን በቆረጠው፣ "ጀማል ማቀዝቀዣውን የሚያበራው በዚያን ሰዓት ነው" አልኩ። ማቀዝቀዣው ሲበራ ኤሌክትሪኩ ይወርድ ይሆናል ማለቴ ነበር እኮ! እሳቸው ስሙን ብቻ ይዘው ወጡ። 

ረቡዕ

ጀማልን ወሰዱት።

ማቀዝቀዣውን አበራ። ማሽኑ ሞተ። በሩ ተበርግዶ ጠመንጃ የያዙ ሁለት ሰዎች ገቡ። "ወላሂ ማብሪያውን ብቻ ነው የነካሁት! ንገሪያቸው እንጂ፣ አቦ!" አለኝ። እኔ ስክሪኑ ላይ አፈጠጥኩ። እየገፈተሩ አወጡት፤ አንድ ጫማው በር ላይ ቀረ። ጓድ ደምሴ፣ "የኢኮኖሚ አሻጥር" አሉ፣ በዚያ በዝቅተኛ ድምፃቸው።

ሥራው ስለተቋረጠ ከተማው በሙሉ በሚተኛበት የቀን ዕረፍት እኔም ቤት ሄድኩ። ባለቤቴ ተፈራ ከእናቴ የመጣ ቴሌግራም ይዞ ቆየኝ፤ እሁድ ስምንት ሰዓት በባቡር ትገባለች ይላል።

"ስምንት በእኛ ነው በፈረንጅ?" አለ። "የባቡር ሰዎች እኮ የሚቆጥሩት በፈረንጅ ነው። እንደዚያ ከሆነ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነው መቀበል ያለብን።"

ጉርሻው እጄ ላይ ቀረ። ፕሮግራሙም ፈረንጅ ነው! መሐንዲሱ በእኛ አቆጣጠር ሌሊት ስምንት ያለኝ በፈረንጅ ሁለት ነው። የኛ ማሽን ሰዓት ደግሞ የተሞላው በሐበሻ ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲሆን እሱ ሌሊት መስሎት፣ ሰው የለም ብሎ ራሱን ይዘጋል።

በሐበሻ ያስሞላው ማን ነው? ጓድ ደምሴ! አምና ሲመረቅ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ስክሪኑ ዘጠኝ ሲል አዩና፣ "በሰፊው ሕዝብ ሰዓት ነው የምንሠራው በኢምፔሪያሊስት?" አሉ። ሰው አጨበጨበ። እኔም በጭብጨባው መሃል አስተካከልኩት። የድሮው ፕሮግራም ለሰዓት ግድ አልነበረውም።

በጋሪ ተመልሼ ሰዓቱን ወደ ፈረንጅ አዞርኩት። ለማንም አልተናገርኩም። ነገ ካልሞተ ጀማልን ይለቁታል ብዬ አሰብኩ። 

ሐሙስ

አልሞተም። ሁለት ሰዓት አለፈ፣ ከሩብ ሆነ፣ ማተሚያው ቀጠለ። እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

ጓድ ደምሴ ገብተው፣ ተከትለዋቸው ወደመጡት ሠራተኞች ዞሩና፣ "አያችሁ? አሻጥረኛው ሲታሰር ማሽኑ ዳነ" አሉ። ቅዳሜ ጀማልን ወደ ሐረር እስር ቤት ያሻግሩታል። ወደ ሐረር የተሻገረ ደግሞ መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ የለም።

 ማሽኑን አድናለሁ ብዬ ሰውየውን በገዛ እጄ አስፈረድኩበት።

ዝም ካልኩ ጀማል ሄደ። ሰዓቱን ያስቀየሩኝ ጓድ ደምሴ ናቸው ካልኩ እኔ እከተለዋለሁ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል፤ እውነት ነው።

ሪፖርቱ ማታ አለቀ። ክፍሉ ከመታሸጉ በፊት፣ ጀማል በሌለበትም እንደሚሞት ይዩት ብዬ፣ ሰዓቱን እንደ ቀድሞው ወደ ሐበሻ መለስኩት። ለተፈራ ስነግረው ራሱን ያዘ። "ልጆች አሉን እኮ!" አለኝ። አውቃለሁ። ፋጡማም፣ የጀማል ሚስት፣ ልጆች አሏት።

ዓርብ

"ጓድ፣ ሪፖርቱን ከማስረከቤ በፊት አንድ የማሳይዎት ነገር አለ" ብዬ ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል ጠራኋቸው። ሦስት ሠራተኞች ተከትለው ገቡ። 

ሞተ።

"ተባባሪው ማነው?" አሉ በቀስታ፣ እኔን እያዩ።

"ሰው አይደለም ጓድ። ሰዓቱ ነው።" አስረዳሁ። ትናንት ያልሞተው በፈረንጅ ስለሞላሁት እንደሆነም ነገርኳቸው። ስክሪኑ ሲከፈት ሰዓቱን አሳየኋቸው።  ምረቃው ትዝ ሲላቸው ፊታቸው ላይ አየሁት። ሦስቱ ሠራተኞች መሬት መሬት ያያሉ፤ እነሱም ያን ቀን አጨብጭበዋል።

"እንዲህ ያደረገው ማነው?" አሉኝ።

"እኔ ነኝ ጓድ። ማንም አላዘዘኝም።"

  ሦስቱን ሠራተኞች አንድ በአንድ አዩና ወደ እኔ ዞሩ። "እንግዲያው ስህተት ነው፣ አሻጥር አይደለም" አሉ። "ሰኞ የውይይት ክበብ ላይ፣ ሠራተኛው ፊት ቆመሽ ግለ ሂስ ታደርጊያለሽ።"



ቅዳሜ

ጀማል ተፈታ!

መጋላ ገበያ መሃል ከፋጡማ ጋር አየሁት። ያነክሳል፣ አንድ ዓይኑ አብጧል። ስሙን ጠርቼ ሮጥኩ። ቆመ።

"ጓድ ደምሴ ናቸው ያስፈቱኝ፤ አላህ ይስጣቸው" አለ። "ስሜን የሰጠሽው አንቺ ነሽ አሉ። ሰዓቱን ያበላሸሽውም አንቺ ነሽ አሉ። እውነት ነው?"

ግራ ቀኝ አየሁ። ገበያው ሰው በሰው ነው። ጆሮ ሞልቷል።

"እውነት ነው" አልኩት። "ይቅር በለኝ፣ ጀማል።"

ፋጡማ እጁን ሳበችው። አልሰደበኝም፤ ቢሰድበኝ በስንት ጣዕሙ! እያነከሰ ተከተላት።

ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ተፈራ፣ "ቀን ሲያልፍ፣ ማን እንዳስቀየረሽ ታስረጂዋለሽ" አለኝ። መቼ ነው ቀን የሚያልፈው? ሰኞ እሱም እዚያ ይቀመጣል፤ እንደገና "እኔ ነኝ" ስል ይሰማኛል። ጓድ ደምሴም ሐሳባቸውን ይለውጡ ይሆን? እፈራለሁ። ግን ዛሬ ጀማል ያለው ቤቱ ነው። ሐረር አይደለም።