የሁለት ዓመት ልምድ ያላት ጀማሪ ነርስ ስላላገኙት ክቡር ሰብሳቢ

ለተከበሩ አቶ መልአኩ
የጤና ባለሙያዎች ቅጥር ኮሚቴ ሰብሳቢ
ጋምቤላ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ጤና እመኛለሁ፤ የዚህ ከተማ ሙቀት ከቢሮዎ ማራገቢያ አልፎ እንዳይደርስብዎ፣ የወባ ትንኝም ከአጎበርዎ ውጭ እንድትቀር የዘወትር ምኞቴ ነው። እኔም ከቢሮዎ ፊት ለፊት ካለው የማንጎ ዛፍ ሥር ደጅ እየጠናሁ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።

ናዝሬት ወንዳፈረው እባላለሁ። ወላጆቼ በሰፈራ ጊዜ ወደ አቦቦ መጥተው እስከ ዛሬ እዚያው የሚያርሱ ገበሬዎች ናቸው። በነርስነት ተመርቄያለሁ፣ የብቃት ምዘናውንም አልፌያለሁ፣ የሙያ ፈቃድም አለኝ። የሌለኝ ሥራ ብቻ ነው። በመዝገብ ቤት በኩል የላክኋቸው ማመልከቻዎች ወጥተው ስለቀሩ፣ ይህኛው እንኳ ይድረስዎ ብዬ በአደባባይ ለመጻፍ ተገድጃለሁና ድፍረቴን ይቅር ይበሉኝ።

ቅሬታ ለማለት አፌ ባይደፍርም፣ ልቤ ውስጥ የተጠራቀሙትን ነገሮች እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

፩. ኮሚቴዎ የሥራ ማስታወቂያ በአጥር በሩ ላይ በዱቄት ሙጫ እያስለጠፈ ለሕዝብ ግልጽ ስለሚያደርግልን ከልብ አመሰግናለሁ። ሙጫው ጣፋጭ ሆኖ የሰፈሩ ፍየሎች ወረቀቱን ከነማኅተሙ ስለሚበሉት፣ እኔ ከአቦቦ መኪና ተሳፍሬ በምደርስበት ጊዜ የማገኘው የወረቀቱን ጥግ ብቻ ነው። ለምን አልተነገረንም ብዬ ስጠይቅ ማስታወቂያው በአግባቡ መውጣቱን ጸሐፊዎ በትዕግሥት አስረድተውኛል። እኔም በአግባቡ መበላቱን አይቻለሁና አልተከራከርኩም።

፪. ፍየል ያልደረሰበት አንድ ማስታወቂያ በእጄ ገብቶ ሳነበው፣ «ጀማሪ ነርስ፣ የሥራ ልምድ ሁለት ዓመት» ይላል። ጀማሪ ሆኖ የሁለት ዓመት ልምድ ያለው ሰው ከየት እንደሚመጣ በአእምሮዬ ልደርስበት ስላልቻልኩ፣ ልምዱን ላምጣ ብዬ ወደ ጤና ጣቢያ ሄድኩና በነፃ ላገልግል አልኩ። ሲስተር ጥሩነሽ የተባሉት አንጋፋ ነርስ እጃቸውን ዘርግተው ተቀበሉኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ መርፌ ወግቻለሁ፣ ጉሉኮስ ሰክቻለሁ፣ ቁስል አጥቤያለሁ፣ በወባው ወራት ወንበር እንኳ ሳላይ ውያለሁ። ሲስተር ጥሩነሽም ይህንኑ ጽፈው፣ ማኅተም አስመትተው ሰጡኝ። እርስዎ ግን ደብዳቤውን ተመልክተው፣ ከደመወዝ ግብር የተቆረጠበት ማስረጃ ካልተያያዘ እንደ ልምድ አይቆጠርም ብለው መለሱልኝ። ከምንም ላይ ግብር እንዴት እንደሚቆረጥ እስከ ዛሬ አልገባኝም። የዚያን ቀን ከቢሮዎ ወጥቼ እንዴት አድርጌ ባሮ ድልድይ እንደደረስኩ አላውቀውም።

፫. በጀዊ የስደተኞች ካምፕ የሚሠሩት የእርዳታ ድርጅቶችም ልምድ ይላሉ። አባቴ ወደተወለደበት ወሎ ብሄድ ደግሞ፣ የጋምቤላ ልጅ በጋምቤላ ትቀጠር ብለው በፈገግታ ሸኙኝ። ይህ የእርስዎ ጥፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ የጻፍኩት ሌላ የምነግረው ሰው ስላጣሁ ነው።

፬. ከሲስተር ጥሩነሽ ጋር ለክትባት ዘመቻ ወደ ጎግ ወረዳ ወርደን ሳለ፣ ነርሱ ተዛውሮ ከሄደ ወዲህ የተቆለፈች አንዲት የገጠር ክሊኒክ በር ላይ አቶ አኳይ የሚባሉ አባት ራሷን የሳተች ልጃቸውን ታቅፈው ተቀምጠው አገኘናቸው። በሩ ይከፈታል ብለው ተስፋ አድርገው ነበር። በዛፍ ጥላ ሥር አስተኛናት፣ ትንሿን የደም ሥር ፈልጌ አገኘሁ፣ ከዘመቻው መድኃኒት ሳጥን የወባ መርፌዋን ወጋኋት፤ ልጅቷም ወደ ማታ ዓይኗን ገለጠች። አባትየው መቼ እንደምመለስ ጠየቁኝ።

በተመለስኩ ማግስት ማንም የማይፈልገው የዚያች ክሊኒክ የነርስነት ቦታ ለእኔ ይሰጠኝ ብዬ አመለከትኩ። ኮሚቴዎ ቦታው ሩቅና ከባድ በመሆኑ ልምድ ያለው ባለሙያ እስኪገኝ ክፍት ሆኖ እንዲቆይ በሙሉ ድምፅ ወሰነ። ለጎግ ሕዝብ ስላሳዩት ጥንቃቄ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ክፍት የተባለው ቦታ እስከ ዛሬ እንደተቆለፈ ነው፤ በመቆለፍ ረገድ እንኳ በቂ ልምድ ሳያገኝ አልቀረም።

፭. ከክፍላችን አንደኛ የወጣችው ጓደኛዬ ጣቢታ ተስፋ ቆርጣ በባሮ ዳር ዓሣ እየጠበሰች ትሸጣለች። ነይ አብረን እንሥራ ትለኛለች፤ እኔም እምቢ የምልበት ጉልበት እያለቀብኝ ነው።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ነገሬን ላሳጥር። የሙያ ፈቃዴ በሰኔ መጨረሻ ያበቃል። ለማሳደስ ደግሞ ተቀጥሬ እየሠራሁ ስለመሆኔ ማስረጃ አምጪ ተብያለሁ። ያ ማስረጃ ከእርስዎ እጅ በቀር ከየትም አይመጣም። ፈቃዱ ከሞተ የተማርኩት ሁሉ ከንቱ ይቀራል፤ በሬ ሸጦ ያስተማረኝን አባቴን ምን ብዬ እንደማየው አላውቅም። እፈራለሁ። ማንን እንደምለምንም ጠፍቶኛል። ጎግም ይሁን ከዚያ የራቀ፣ ወደላኩኝ ቦታ ሁሉ እሄዳለሁ።

ደብዳቤዬን እስከዚህ ድረስ አንብበው ከሆነ ለከበረው ጊዜዎ፣ ካላነበቡም ለለመድኩት ዝምታዎ አስቀድሜ እጅ እየነሣሁ፣ ወንበርዎ እንዲጸናልዎ፣ ልምድዎም ከዓመት ዓመት እንዲበዛልዎ ከማንጎው ጥላ ሥር የምመኝልዎ፣

ታዛዥዎ
ናዝሬት ወንዳፈረው
ነርስ፣ እስከ ሰኔ መጨረሻ

ማሳሰቢያ፦ እርስዎ ቢሮ በሚውሉበት ሰዓት እየመጣሁ ስለሆነ አልተገናኘንም እንጂ፣ በጎረቤትዎ አማካይነት ተጠርቼ የወላጅ እናትዎን የእግር ቁስል የማጥበውና ፋሻውን የምቀይረው እኔ ነኝ። በስኳር ሕመም የቆሰለ እግር እንዲህ ሲድን ማየት ደስ ይላል። ይህን ከጻፍኩ በኋላ ልቅር ብዬ አስቤ ነበር፤ አንጀቴ እምቢ አለኝ፤ ማክሰኞም እመጣለሁ። ከሰኔ በኋላ ግን ያለ ፈቃድ እሳቸውን መንካት በሕግ ስለሚያስጠይቀኝ መቅረቴ ነው። ያቺ ልጅ የት ጠፋች ብለው ሲጠይቁዎ፣ ምክንያቱን እርስዎ ራስዎ እንዲያስረዷቸው በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ።