ለባለቤቱ የተነገረ መርዶ

ለክቡር ዶክተር ሲልቬስተር ኦዳሜ
የኦዱምክሮም የባህል ቴአትር ቤት ዋና ሥራ አስኪያጅ

ክቡርነትዎ ከነመላው ቤተሰብዎ ደኅና ነዎት? በተለይ የምግብ ፍላጎትዎ እንዴት እንደ ሰነበተ ለማወቅ እጓጓለሁ፤ በከተማችን እህል አልቀምስም ያሉ አንድ ሽማግሌ ስላሉ፣ ሕመሙ ወደ እርስዎ እንዳይዛመት እንጸልያለን። ስሜ ያው፣ የአባቴም ስም ፍሪምፖንግ ይባላል፤ ሠላሳ አንድ ዓመት የንጉሣችን ከበሮ መቺ፣ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ደግሞ የቴአትር ቤትዎ ሠራተኛ ነበርኩ። በአደባባይ የምጽፍልዎ፣ ደጅ ስጠና ጸሐፊዎ «ስብሰባ ላይ ናቸው» እያለች አሥራ አንድ ቀን ስለ መለሰችኝ ነው።

አንደኛ፦ ስላሰናበቱኝ አመሰግናለሁ። በድርሰትዎ ውስጥ ንጉሡ ወደ መድረክ ሲገቡ የምመታው ከበሮ ከአርባ ሴኮንድ እንዳይበልጥ አዝዘውኝ ነበር። ከበሮው ግን የሚናገረው የንጉሡን አባቶች ስም በየተራ ስለሆነ፣ በአርባ ሴኮንድ አራተኛው አያት ላይ እንኳ አይደርስም። የትኛውን አያት ልዝለል ብዬ በትሕትና ብጠይቅዎ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ይኼ እኮ ፈረንጅ አገር የጀርባ ሙዚቃ ነው የሚባለው!» አሉኝ። በማግስቱ ቦታዬን ለቴፕ አስረከብኩ።

ሁለተኛ፦ ንጉሣችን ለቴአትር ቤቱ ምርቃት ያዋሱዎትን ሁለቱን ከበሮዎች፣ ወንዱንም ሴቷንም፣ በመስታወት ሣጥን ቆልፈው መግቢያው ላይ ስላስቀመጡልን ምስጋናችን ወሰን የለውም። «ሕያው ቅርሳችን፤ መንካት ክልክል ነው» የሚለውን ጽሑፍ ባለፍኩ ቁጥር ቆሜ አነበዋለሁ። እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ነው የማነበው።

ሦስተኛ፦ እዚህ ላይ ጨዋታው ስለሚከብደኝ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ባለፈው ወር፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ድርሰትዎ ለሕዝብ ሲታይ ንጉሣችን ናና አሞአ ዳግማዊ ከፊት ረድፍ ከጎንዎ ተቀምጠው ነበር። ድርሰቱ ውጭ አገር ተምሮ የተመለሰ መሐንዲስ ከአንድ ንጉሥ ጋር ስለ ተቀደሰ ጫካ ሲሟገት የሚያሳይ ሲሆን፣ በሦስተኛው ገቢር ባህል ያሸንፋል። ቴፕዎ ግን እስከ ሦስተኛው ገቢር አልታገሠም። ከመጋዘንዎ የተገኘውና «የንጉሥ ከበሮ» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት የቴፕ ክር፣ ከአሥራ አራት ዓመት በፊት የናናን አጎት የናና አሞአ ቀዳማዊን ሞት ለከተማው ያረዳሁበት ነው። የአጎትና የእኅት ልጅ ስም አንድ ነው፤ ከበሮ ደግሞ ቀዳማዊና ዳግማዊ ብሎ አይለይም። «ናና አሞአ ወደ መንደራቸው ሄዱ፤ ናና አሞአ ከእንግዲህ አይመለሱም» አለ፣ ጥርት ባለ ድምፅ።

አዳራሹ በሙሉ ብድግ አለ። ወንዶቹ እንደ ለቅሶ ወጋችን ጫማቸውን አወለቁ፣ ልብሳቸውንም ከትከሻቸው አወረዱ፤ ሴቶቹ እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ። ዓሣ ሻጯ እማማ አፍራኮማ «ኧረ ዝም አሰኙልን! ሰውዬው እኮ ይኸው ቁጭ ብለዋል!» እያሉ ጮኹ። ክቡርነትዎ ግን ሕዝቡ ለድርሰትዎ ክብር የቆመ መስሎዎት ዞረው ሦስት ጊዜ እጅ ነሡ።

ናና አልተቆጡም። ጫማቸውን አውልቀው በባዶ እግራቸው ወደ ቤታቸው ሄዱ። የንጉሥ እግር በሕይወት ሳለ መሬት እንደማይነካ እርስዎም በድርሰትዎ ጽፈውታል፤ በጣም ያምራል፣ ገጽ ሃያ ሁለት ላይ። ከዚያ ቀን ወዲህ ፉፉ ሲቀርብላቸው «የሞተ ሰው ይበላል እንዴ?» ብለው ይመልሱታል። ሐሙስ ዕለት እኔን አስጠሩኝ።

«ያው፣ ቴፑ ላይ የመታው እጅ ያንተ ነው?»

«አዎ ናና፣ የእኔ ነው።»

«አውቄዋለሁ። እንዳንተ የሚመታ የለም።»

በዕድሜዬ ብዙ ተመስግኛለሁ፤ እንዲህ የጎዳኝ ምስጋና ግን የለም።

አራተኛ፦ የላኩልኝ ወረቀት ደርሶኛል። በዕለቱ የተሰማው ከበሮ «ምንም ትርጉም የሌለው የጀርባ ሙዚቃ» መሆኑን በፊርማዬ ካረጋገጥኩ ወደ ሥራዬ እንደምመለስ ጽፈውልኛል፤ ቸርነትዎ አይረሳም። ነገር ግን ከበሮው ምንም አላለም ብዬ ከፈረምኩ፣ ነገ ያው ከበሮ «ናና አሞአ አሉ፣ ናና አሞአ ነቅተዋል» ቢል ማን ያምነዋል? ናናን ከተኙበት ሊያስነሣቸው የሚችለው ያረዳቸው እጅ፣ በዚያው ከበሮ፣ ደጃቸው ላይ ቆሞ ሲናገር ብቻ ነው። እሳቸውም ይህንን እየጠበቁ ነው። እኔ ደግሞ ፈርቻለሁ፤ ከሐሙስ ወዲህ ውኃም እየገፉ ነው።

ስለዚህ የምለምንዎ ደመወዜን አይደለም፣ ይቅርታዎንም አይደለም። የመስታወቱን ሣጥን ቁልፍ ለአንድ ጠዋት ብቻ ያውሱኝ። ከበሮዎቹን ጠርጌ፣ ጽሑፋቸውንም አስተካክዬ በቦታቸው እመልሳለሁ።

የድካምዎን ዋጋ ሕዝብ በቁሙ እንደ ከፈለዎት ሁሉ ወደፊትም እንዲከፍልዎ እየተመኘሁ፣ ቁልፍዎን ከደጅዎ ቆሜ የምጠባበቅ ታዛዥዎ፣

ያው ፍሪምፖንግ
ቀድሞ የንጉሥ ከበሮ፣ አሁን የጀርባ ሙዚቃ
ኦዱምክሮም

ማሳሰቢያ፦ ቁልፉን ለመስጠት የማይመችዎ ከሆነ ቴፑን አደራ እንዳያጠፉት። ክሩ ደኅና ነው፣ ድምፁም አልተበላሸም፤ በዚህ አያያዛችን ከሆነ ደግሞ በዚህ ሳምንት ውስጥ መርዶው ስሕተት መሆኑ ይቀርለታል።