ቺንጋው ከተቀየረ ወዲህ

ዓርብ፣ መስከረም 21 ቀን 2014
መካኒኩ ኑርዬ የመኪናዬን የታይሚንግ ቺንጋ፣ የሞተሩን ላይና ታች እኩል የሚያዞረውን ቀበቶ፣ ቀየረ። አሮጌው ሊበጠስ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ሐይቅ ከተማ ውስጥ ሞተር የማስነካው ለእሱ ብቻ ነው። እህቴን ማዕረግን ከውጫሌ ላመጣት አስቤአለሁ... መውለጃ ወሯ ገብቷል። ጦርነቱ ወደዚያ እየተጠጋ ነው፤ ሚኒባስም መሄድ አቁሟል።

መስከረም 23
መኪናዋ ስትነሳ ትንቀጠቀጣለች። የከተማውን መውጫ ዳገት በሁለተኛ ማርሽ እንኳ እምቢ አለች። ከዓርብ በፊት እንዲህ አልነበረችም። ምን ነካት?

መስከረም 25
ኑርዬ ሳቀብኝ። "ጋሽ አራጋው፣ ቤንዚኑ ነው! በጄሪካን እየገዙ ሞተር ይወቅሳሉ?"
ማደያው ከደረቀ ወር አልፎታል። ሁሉም በጄሪካኑ ያሳብባል። ግን ከቺንጋው በፊትም የምቀዳው ያንኑ ነበር...

መስከረም 27
ለምኜ ከደሴ የመጣ ንጹሕ ቤንዚን አገኘሁ። ለውጥ የለም። ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን ካንዴላም አስቀየርኩ። ያው ነው።
ማዕረግ ደወለች። "ከባድ መሣሪያው እዚህ ይሰማል። መቼ ነው የምትመጣው?"
"ሰሞኑን" አልኳት። በየትኛው ጉልበት?

መስከረም 30
ከጋራዡ ፊት ለፊት ዓሣ የምትጠብሰውን ሲቲን ጠየቅኋት። ያን ዓርብ ምን አየሽ?
"ምን አያለሁ! ኑርዬ ፈታትቷት ጁምዓ ሊሰግድ ሄደ። የመስጊዱን መንገድ ዘግታ የለ? ሊሰግዱ የመጡት ሰዎች ገፏት። አንድ ስንዝር ሄዳ እንደ በቅሎ ገገመች። ትተዋት ገቡ።"
የገገመችው ማርሽ ውስጥ ስለነበረች ነው... ቺንጋው ደግሞ ወልቋል! ጎማው ሲዞር ሞተሩም ከታች ዞሯል፤ የላይኛው ግን ባለበት ቀርቷል።

ጥቅምት 1
ለኑርዬ ነገርኩት። አልሳቀም። ፈትቶ ምልክቶቹን አየ። የታችኛው ከላይኛው በአንድ ጥርስ አልፏል።
"ወላሂ፣ አስተካክዬ ነው የሄድኩት። ስመለስ ግን ደግሜ አላየሁም።"
እንደገና ገጠመው። መንቀጥቀጡ ጠፋ። ቁልፉን አልሰጠኝም።
"አብሽሩ፣ ውጫሌ አብሬዎት እሄዳለሁ። ከቆመችም እኔ ባለሁበት ትቁም።"

ጥቅምት 3
ዳገቱን ወጣች። ማዕረግን ልናመጣ ሄደን ስድስት ሰው ጭነን ተመለስን። ኑርዬ ለአንዱም "ቦታ የለም" ማለት አልሆነለትም።

ጥቅምት 9
ማዕረግ በሰላም ተገላገለች። ሴት። ከውጫሌ በኩል ዛሬ አንድም መኪና አልመጣም። የጎረቤቶቿ ስልክ አይነሳም።
ኑርዬ ሊጠይቃት መጣ። ሕፃኗን መርቆ ወደ እኔ ዞረ። "ነገ ጠዋት የመኪናዋን ዘይትና ውሃ አይቼ አመጣታለሁ። ሳትዘገዩ ወደ ደሴ ውጡ።"
አንተስ?... ስለ መኪናዬ ሰው ስጠይቅ የከረምኩት ሰውዬ፣ ይህችን አንዲት ጥያቄ ከአፌ ማውጣት አቃተኝ።