ስለ ስድስቱ ሐሚዶችና ስለ ልጄ ሂንድ፣ ለመዝናኛው ሥራ አስኪያጅ

ታኅሣሥ 2006 ዓ.ም.
መካ፣ ሚስፈላ

ለተከበሩ የባሕር ዳርቻው መዝናኛ ሥራ አስኪያጅ
ጅዳ

ክቡር ሆይ፣

ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ሰላምና ዓፊያ እየተመኘሁ፣ ባለፈው ኅዳር በድንገት አሻቅቦ የነበረው የደም ግፊትዎ በአላህ ፈቃድ ወደ ቦታው እንደተመለሰ ተስፋ አደርጋለሁ። ሰልማ ዙበይር እባላለሁ። ወላጆቼ ከወሎ መጥተው እዚህ ሚስፈላ የወለዱኝ፣ ዛሬም እዚሁ ለሐጃጆች ልብስ የምሰፋ ሴት ነኝ። እኔን ቢረሱኝ አልቀየምም፤ ልጄን ሂንድን ግን አይረሷትም። አረንጓዴ የጆሮ መከላከያ አድርጋ፣ እጆቿን እንደ ክንፍ እያራገበች በደስታ ስትጮህ የነበረችው የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ናት።

ሂንድ ኦቲዝም አለባት። ብዙ አትናገርም፤ የሚሽከረከር ነገር ካየች ግን ዓለም ሁሉ የእርሷ ነው። የልብስ ማጠቢያ ማሽናችን ፊት ወንበር አስቀምጣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ትመለከተዋለች፤ ሲያበቃም ታጨበጭብለታለች። ሰው አሳፍሮ የሚሽከረከረውን የእርስዎን ትልቅ መንኮራኩር በማስታወቂያ ካየች በኋላ አራት ወር ሙሉ በየጠዋቱ ጫማዋን አጥልቃ በር ላይ ትቆም ስለነበር፣ ወንድሜ ሸሪፍ በመኪናው ይዞን ጅዳ ወረድን።

የመጀመሪያው ምስጋናዬ ስለ አቀባበልዎ ነው። ሂንድ በሩን አልፋ መንኮራኩሩን ስታየው ጮኸች። እርስዎም ደከመኝ ሳይሉ ከቢሮዎ በአካል ወርደው፣ «እህቴ፣ ይህ የደስታ ቦታ ነው፤ ልጅሽን ዝም አሰኚያት» አሉኝ። በዚያች ቅጽበት ከኋላዎ በመዝናኛው ባቡር ቁልቁል የሚወርዱ ሃያ ሰዎች እንደሚታረዱ ሆነው ይጮኹ ስለነበር፣ የትኛው ጩኸት እንዳስቸገረዎት ለመረዳት ጥቂት ጊዜ ወስዶብኛል። ለካ የፍርሃት ጩኸት በደንብዎ የተፈቀደ ነው፤ የተከለከለው የደስታው ብቻ ነው። ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛው ምስጋናዬ ስለ ሠራተኞችዎ ነው። ትኬት የቆረጠልን ሰው ደረቱ ላይ የለጠፈው መታወቂያ «ሐሚድ» ይላል። ጠራጊውም ሐሚድ፣ ጭማቂ ሻጩም ሐሚድ። መንኮራኩሩን የሚያንቀሳቅሰው፣ ጆሮ ግንዱ የሸበተው ሰውዬም ሐሚድ ነበር። አማርኛ ስናወራ ሰምቶ ፈገግ ሲል፣ ሸሪፍ አላስችል ብሎት፣ «ወንድሜ፣ ስንት ሐሚድ ነው ያላችሁ?» አለው።

«ስድስት ነን» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ኢቃማ፣ መኖሪያ ፈቃድ ያለው እውነተኛው ሐሚድ ግን ዓምና ሥራውን ለቋል፤ እኛ በስሙ እንሠራለን። እኔ አድነው ነኝ፤ ከኩታበር።»

በሳቅ ፍርፍር ያልኩበትን ያን ቀን አልረሳም። አድነው ሂንድን አንዴ አይቶ ነገሩ ገባው። ድምፁን ሳይጨምር፣ እጇን ሳይዝ፣ «ግቢ የኔ እመቤት» ብሎ በሩን ከፈተላት። እናቴ ያስተማረቻት አንዲት የአማርኛ ቃል አለቻት፤ «እንደገና» የምትል። መንኮራኩሩ ዞሮ መሬት በደረሰ ቁጥር «እንደገና!» ትላለች፣ አድነውም «እሺ የኔ እመቤት» ይላል። አብሯት የተሳፈረው ሸሪፍ በአራተኛው ዙር ፊቱ ቅጠል መስሎ ወረደ። ከአበባ መደብዎ ጀርባ ላደረገው ነገር በቤተሰቡ ስም ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሂንድ ብቻዋን ቀጠለች፤ ከላይ ሆና የምታሰማውን ሳቅ ሰምተው የማያውቋት ሰዎች ሁሉ ይስቁ ነበር።

አሥራ ሁለተኛው ዙር ላይ ተፍቲሽ፣ የፖሊስ ፍተሻ፣ ገባ። መኖሪያ ፈቃድ የሌለው ሰው ከየሱቁና ከየቤቱ የሚለቀምበት ሰሞን ነበርና፣ አምስት ሐሚዶች በአንድ ትንፋሽ የኋላውን አጥር ዘለሉ፤ አድነውም ተከተላቸው። እርስዎም ማሽን ካልሠራ ሠራተኛ አያስፈልግም የሚል ታላቅ ሐሳብ መጣልዎትና ዋናውን መብራት አስጠፉ። መንኮራኩሩ ቆመ። አራት ቤተሰቦች በየከፍታው ተንጠለጠሉ፤ ልጄ ጫፉ ላይ።

ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ቀልዴን ለአፍታ ላቁም። ሂንድ የጆሮ መከላከያዋ ወደቀባት። የሰው ጫጫታና የፖሊስ መኪና ጡሩምባ ባዶ ጆሮዋ ላይ ወረደ። ጭንቅላቷን በቡጢ ትመታ ጀመር፤ ቀጥሎም ተነስታ ቆመች፤ ወንበሩ ተወዛወዘ። መብራቱን እንዲያበሩ እግርዎ ላይ ወድቄ ለመንኩ። የሰጡኝን መልስ ቃል በቃል ይዤዋለሁ፦ «ተፍቲሹ እስኪወጣ ታገሺ፤ አሥር ደቂቃ ናት።»

በዚህ ጊዜ አድነው አጥሩን ዘሎ ተመለሰ። ከባልደረቦቹ ጋር ሮጦ ማምለጥ ይችል ነበር። ሁለት እጆቹን አንስቶ በፈታሾቹ ፖሊሶች መሐል እየተራመደ፣ ጢሙ ወደ ሸበተው አሥር አለቃ ሄደና በተሰባበረ ዐረብኛ፣ «መጀመሪያ ልጅቷን ላውርድ፤ ከዚያ ውሰደኝ» አለው። አሥር አለቃው ወደ ላይ አየ። ከዚያ ቆቡን አውልቆ አስያዘኝ።

ከመንኮራኩሩ ሥር በእጅ የሚዞር መዘውር አለ፤ ምናልባት እርስዎም አያውቁት ይሆናል። አድነው፣ አሥር አለቃውና ገና ያላገገመው ወንድሜ ሦስት ሆነው ያዙት። አድነው አንገቱን ቀና አድርጎ፣ «ሂንድ! ቁጭ በይ የኔ እመቤት! አብረን እንቁጠር!» ይላታል። በአማርኛ «አንድ» ሲል ከላይ በዐረብኛ «ዋሒድ» የሚል ቀጭን ድምፅ መጣ። ተቀመጠች። አርባ አንድ ላይ መሬት ደረሰች። እኔ ላቅፋት ስሮጥ፣ እርሷ ግን መንኮራኩር የሚያዞሩ ሦስት ላብ ያጠመቃቸው ወንዶች አይታ ስለማታውቅ፣ ደስታዋ ወሰን አጥቶ «እንደገና!» አለች። አሥር አለቃው ምን እንዳለች ጠየቀኝ። ስነግረው ሆዱን ይዞ ሳቀ። የቀሩትን ቤተሰቦች ማውረዱ የግድ ነበርና ሙሉ ዙር አዞሯት፤ እያንዳንዱ የወረደ ሰውም መዘውሩን እያገዘ፣ ሕዝቡ በሙሉ በጭብጨባ እየቆጠረ። መዝናኛዎ ከተከፈተ ጀምሮ ያን ያህል የተዝናና ሰው የገባበት አይመስለኝም፤ እርስዎ ግን በሥራ ተጠምደው አመለጠዎት።

ከዚያም አሥር አለቃው ይህ ሰው ማን እንደሆነ ጠየቀዎት። «አላውቀውም፤ አጥር ዘሎ የገባ ነው» ብለው ማሉ። «መታወቂያችሁን ደረቱ ላይ ለጥፎ ነው የዘለለው?» ሲልዎት የመለሱለትን አልሰማሁም፤ ያን ጊዜ ይመስለኛል ደም ግፊቱ የተነሳብዎ።

አድነውን ወሰዱት። አሥር አለቃው ውሃ አጠጥቶ፣ ካቴና ሳያስገባለት መኪናው ድረስ ሸኘው። ሦስት ሳምንት በማቆያው ቆይቶ ወደ አገሩ ተሳፈረ። ባለፈው ሳምንት ከኩታበር ደውሎ በሰላም መግባቱን ነገረን። እኛም እርስዎ ልጄን «ፀጥታ በማደፍረስ» ለዘለዓለም ያገዱበትን ደብዳቤ አነበብንለት። ስልኩ እስኪቋረጥ ድረስ ሳቀ።

አንድ ልመና ብቻ አለኝ። የስድስቱ ሰዎች ሻንጣ በሠራተኞች ክፍል ተቆልፎባቸዋል። በአድነው ሻንጣ ውስጥ የሚስቱ ፎቶግራፍና ለልጁ የገዛው የትምህርት ቤት ቦርሳ አለ። ሻንጣዎቹን ለመውሰድ ቅዳሜ አመሻሽ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ በርዎ ላይ እቆማለሁ። ሂንድም አብራኝ ትመጣለች። ከአጥር ውጭ ሆና መንኮራኩሩን ስለምታይ፣ የምታሰማው ድምፅ ደንብዎን አይነካም። በሩ እስኪከፈት ድረስ ሁለታችንም ጊዜ አለን።

የደግነትዎ ባለዕዳ፣ የጨዋነትዎ ምስክር፣ ጤናዎን ዘወትር በዱዓዋ የምታስብ፣
ሰልማ ዙበይር፣ የሂንድ እናት

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ በዐረብኛ መጻፍ አያቅተኝም ነበር። በአማርኛ የጻፍኩት፣ የሚያነብልዎትን ሰው ፈልገው፣ ቁጭ ብለው በትሕትና እንዲለምኑ ነው። ሲለምኑት እውነተኛ ስሙን መጠየቅ እንዳይረሱ።