ዘይቱን ቀንሰን ደንበኞቻችንን ስላጣንበት ዘመቻ

ለተከበሩ አቶ አብዱልሃዲ
የጤናማና ለአካባቢ ተስማሚ ምግብ ቤቶች ማስተባበሪያ ኃላፊ
ጅማ

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። እርስዎ፣ ባለቤትዎ፣ ልጆችዎና ባልደረቦችዎ እንደምን ከረማችሁ? ስለ እኛ ጤና ሲናገር የሚውለው ጉሮሮዎስ ደህና ነው? እኛ በቾ ቦሬዎች አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ መጻፌ ለድፍረት እንዳይቆጠርብኝ፤ ወደ ቢሮዎ ብቅ ባልኩ ቁጥር ስለ ጤናማ አመጋገብ ስብሰባ ላይ ነበሩና፣ ከዚያ ቁም ነገር ላስነሣዎት አንጀቴ አልቻለም።

እኔ ለጢፋ ነኝ፤ ከእኅቴ ከሩፈይዳ ጋር በበቾ ቦሬ ትንሽ ምግብ ቤት አለን። ለምግብ ቤቶች በሰጡት ሥልጠና ቀን ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ በእያንዳንዱ ቃልዎ ራሷን ስትነቀንቅ የዋለችው ሴትዮ እኔ ነበርኩ።

ያን ቀን የተናገሩት ሁሉ እውነት ነበር፤ ይህን ለሽሙጥ አልልም። ደጋግሞ የፈላ ዘይት ልብን እንደሚጎዳ፣ ጨው ሲበዛ ደም ግፊት እንደሚያመጣ፣ ከሰሉ ጫካችንን እየጨረሰው እንደሆነ፣ የምንጥለው ፌስታል ቦዩን ዘግቶ ክረምት በገባ ቁጥር ጎርፉን ወደ ቤታችን እንደሚያስገባው በሚገባ አስረዱን። «ጤና ከድስት ይጀምራል» ሲሉ አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ፤ እኔም መዳፌ እስኪቀላ አጨበጨብኩ። ወዲያው የሻይ ዕረፍት ሆነና ዘይት የጠጣ ቦንቦሊኖ በፌስታል ታደለን። እኔ ሞኟ፣ ማን እንደሚበላና ማን እንደሚታገሥ እያያችሁ የምትፈትኑን መስሎኝ ሳልነካው ቀረሁ። ፈተና አለመሆኑን የሰማሁት ዘግይቼ ነው።

ቤት እንደገባሁ ለሩፈይዳ ነገርኳት። በቤታችን ወጥ የምታውቀው እሷ ናት፤ እኔ የማውቀው ወሬ ነው።

«ከነገ ጀምሮ ዘይቱን በግማሽ እንቀንሳለን» አልኳት።

«ከዚያስ ሰው ይበላዋል?»

«ኢንሻአላህ።»

«ኢንሻአላህ። እኔ ግን የጠየቅኩሽ ስለ ወጡ ነው» አለችኝ።

የሆነው ሆኖ እንደ ቃልዎ አደረግን። የረጋውን ዘይት አስወጣን፤ ጨውን ቀነስን፤ ጎመንና ቦሎቄ ጨመርን። ከሰሉን ትተን ከሸቤ ከቡና ገለፈት የተጠፈጠፈ ማገዶ አስመጣን። ምግብ ይዞ ለሚሄድ ሰው በፌስታል ፈንታ በታጠበ የኮባ ቅጠል እየጠቀለልን መስጠት ጀመርን። ከዚህ በኋላ የደረሰብንን በቁጥር ማቅረቤ፣ ለሪፖርትዎ እንዲመችዎት ነው።

አንደኛ፦ ባልደረቦችዎን አመሰግናለሁ። ዘወትር ምሳቸውን እኛ ዘንድ ይበሉ የነበሩ ናቸው። በመጀመሪያው ቀን ከመካከላቸው አንዱ እንጀራውን በወጡ ላይ ሲያሽከረክር ቆይቶ፣ የጠፋበት ዕቃ ያለ ይመስል ወደ ሳህኑ አጎንብሶ፣ «ለጢፋ፣ ዘይቱ የት ሄደ?» አለኝ።

«ቀንሱ ብላችሁን ቀነስነው» አልኩት።

«እኛማ ያልነው ለሕዝቡ ነው!» አለና እጁን ታጠበ።

በማግሥቱ ሁሉም መንገዱን ተሻግረው ሪያድ ቤት ገቡ። ሪያድ ጎረቤታችን ነው፤ የእሱ ጥብስ ሲመጣ ከሥጋው በፊት የሚታየው ዘይቱ ነው። ሌላው ደንበኛም የመንግሥት ሠራተኛ የት እንደሚጣፍጥ ያውቃል ብሎ ተከትሏቸው ሄደ። ጡረታ የወጡት መምህር ገበየሁ ግን፣ በጾም ቀን ሽሯችንን ሳይቀምሱ የማይውሉ ሽማግሌ፣ ትንሽ ታግሠው ነበር። በመጨረሻ እሳቸውም ትሪውን ወደ ጎን ገፋ አደረጉና፣ «ልጄ ለጢፋ፣ ምን በደልንሽ? አጥፍተን ከሆነ ተናገሪን እንጂ በምግብ አትቅጪን» አሉኝ።

ሪያድ እንኳ አዘነልን። አንድ ጧት ደጃፋችን ድረስ መጥቶ፣ «ማሎ፣ እባክሽ እኅቴ፣ ዘይት ቸግሯችሁ ከሆነ እኔ እያለሁ ለምን ትደብቂያለሽ? ጀሪካን ልላክልሽ» አለኝ። ቢያሾፍብኝ እችለው ነበር። ከልቡ ማለቱ ነው ያንገበገበኝ።

ሁለተኛ፦ ቁጥጥር ክፍልዎን አመሰግናለሁ። ሰው በራቀን ሰሞን ሳይጠየፉ የመጡልን የክፍሉ ተቆጣጣሪ ብቻ ነበሩ። የኮባውን ቅጠል አንሥተው ወደ ብርሃን አዙረው ተመለከቱትና፣ «የዚህ ማሸጊያ ደረጃ ምንድን ነው?» አሉኝ። «ቅጠል ነው» አልኳቸው። ደረጃ እስኪወጣለት ድረስ ንጹሕ ፌስታል እንድንጠቀም መከሩን።

«ፌስታል ይቅር ያሉን የእናንተው ኃላፊ አይደሉም እንዴ?» ብዬ ጠየቅኩ።

«እሳቸው ዘመቻ ናቸው፤ እኔ ቁጥጥር ነኝ» አሉኝ፤ በጣም በትሕትና።

ሁለታችሁ አንድ ሕንፃ ውስጥ እንደምትሠሩ አውቃለሁ። ደረጃው ላይ ስትተላለፉ ሰላምታ እንዳትነፋፈጉ አደራ።

ሦስተኛ፦ ለልምድ ልውውጡ የተለየ ምስጋና አለኝ። እኛን ሠልጣኞቹን በሙሉ በመኪና ጭነው ሰኮሩ ድረስ ወስደውናል። እኔ ዘይት ሳያበዛ ሰው የሚያስደስት ምግብ ቤት ሊያሳዩን መስሎኝ፣ ሩፈይዳን ብቻዋን ምድጃ ላይ ትቻት ነበር የሄድኩት። ደርሰን ስንቀመጥ የቀረበልን ጥብስ ገና ሳንጨርሰው ስቡ በሳህኑ ዳር ረግቶ ነጭ አጥር ሠራ። ፈራ ተባ እያልኩ፣ «ክቡር ኃላፊ፣ ከዚህ ውስጥ ጤናማው የቱ ነው?» ብዬ ስጠይቅዎት፣ ጥብሱ አናት ላይ የተጋደመችውን ቃሪያ በጣትዎ አሳዩኝ። እውነትዎን ነው፣ ቃሪያዋ ምንም እንከን አልወጣላትም። ምሳው አብቅቶ ምን ልምድ እንደቀሰምን ሲጠይቁን አንዱ ሠልጣኝ «መስተንግዶው ፈጣን ነው» አለ፤ ያም በቃለ ጉባኤ ተያዘ።

የሚቀጥለው በደል ቁጥር የለውም፤ የእርስዎ ስላልሆነ።

ከሰኮሩ ስመለስ ድስቱ እንደሞላ ነበር። ሩፈይዳ ምድጃው አጠገብ እጇን አጣጥፋ ተቀምጣለች። ያን ሰሞን የተረፈውን ለጎረቤት እናድል ነበር፤ በኋላ ግን ጎረቤቶቹም «ዛሬ በልተናል» ማለት ጀመሩ። ስለ ጉዞው ልነግራት አፌን ስከፍት፣ «አንቺ ያጨበጨብሽለትን እኔ ስደፋው እውላለሁ» አለችኝ። እኔም ከእሷ የባሰ መለስኩላት፤ እዚህ የሚጻፍ አይደለም። በማግሥቱ አልመጣችም። ሪያድ ጥሩ ወጥ ሠሪ ሲፈልግ ከርሞ ነበርና እዚያ ገባች። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ፣ ጎንበስ ቀና ስትል ሻሿ በሪያድ ኩሽና መስኮት በኩል ይታየኛል። ከእናታችን ቤት ጀምሮ አንድ ምድጃ ላይ ነበርን፤ ያን መስኮት ላለማየት ስል ጀርባዬን ለመንገዱ ሰጥቼ ማብሰል ጀመርኩ።

ማብሰል ካሉት ነው እንግዲህ። ብቻዬን ስቀር ግን አንድ ነገር ገባኝ። ሥልጠናው ምን እንደምናወጣ እንጂ በወጣው ፈንታ ምን እንደምናስገባ አልነገረንም፤ እኛም አልጠየቅንም። ዘይቱን ከነጣዕሙ አስወጥተን ባዶውን ለሰው አቅርበን ነበር፤ መምህር ገበየሁ ምን በደልንሽ ቢሉኝ አይፈረድባቸውም። ስለዚህ ሽንኩርቱን በቀስታ፣ የራሱን ጣፋጭ ውኃ እስኪያወጣ ማቁላላት ጀመርኩ። ነጭ ሽንኩርት፣ በሶብላ፣ ኮረሪማ ጨመርኩ፤ ቦሎቄው ላይ ሎሚ ጨመቅኩ። የመጀመሪያዎቹን ድስቶች እኔም ራሴ አልደገምኳቸውም። እየቆየ ግን ሳህን መጥረግ የሚያሰኝ ወጥ መጣ። የሚጠርገው ሰው ብቻ ጠፋ።

አንድ ቀን ሪያድ ቤት ሞልቶ ቦታ ሲያጣ፣ ሙስዓብ የሚባል የሸቤ መስመር ሚኒባስ ሹፌር እያጉረመረመ እኛ ጋ ገባ። በላ፤ ሒሳቡን ከፍሎ ወጣ። በቃ፣ ይሄም ሄደ አልኩ። በማግሥቱ ጓደኞቹን አስከትሎ መጣ።

«ለጢፋ፣ ትናንት ምን አበላሽኝ?» አለኝ ገና ከበሩ።

ታምሞ መስሎኝ ደነገጥኩ። «ምን ሆንክ?»

«ምንም አልሆንኩም፤ እሱ ነው የገረመኝ። ሁልጊዜ ምሳ በልቼ ስነዳ ዓይኔ ይከደናል። እንዲያነቃኝ ብዬ ጋቢና የማስቀምጠው ወሬኛ ሰው ፈልጌ ነው። ትናንት ሸቤ እስክገባ ነቅቼ ነዳሁ። ወሬኛውም አስፈላጊ አልነበረም፤ እንዲያውም ዝም በል አልኩት!»

ጓደኞቹ ሳቁ። እኔ ግን በዚያ ጠመዝማዛ መንገድ ከኋላው ተቀምጠው የሚሄዱት እናቶችና ተማሪዎች ትዝ ብለውኝ፣ በሳህኑ ላይ አንድ ጭልፋ ቦሎቄ ጨመርኩለት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሹፌር ለሹፌር እየተቀባበለ፣ የሸቤውም የአጋሮውም፣ ባጃጁም ሳይቀር ምሳው እኛ ዘንድ ሆነ። ሹፌር የሚቆምበትን ቤት ደግሞ ተሳፋሪ ያምነዋል። መምህር ገበየሁም ተመልሰው መጡ፤ «ይቅርታ አድርገሽልናል ማለት ነው?» ብለው ተቀመጡ።

በዚያ ግርግር መሐል ቀና ስል ሩፈይዳ የሪያድ ቤትን የኩሽና ሽርጥ እንደታጠቀች በራችን ላይ ቆማለች። ሰላም አላለችኝም። በቀጥታ ወደ ድስቱ ሄዳ በጭልፋው ጫፍ ቀመሰች። ደግማ ቀመሰች።

«ኮረሪማው በዝቷል» አለች በመጨረሻ።

«አንቺ የለሽም፤ ማን ይለካልኝ?» አልኳት።

ጭልፋውን ከእጄ ወሰደችው። እኔም የሪያድን ሽርጥ ከወገቧ ፈትቼ አጠፍኩት፤ ማታ እኔው ራሴ ወስጄ መለስኩለት። ሪያድ ተቀብሎኝ፣ «እኅትሽን ውሰጂ፣ ሹፌሮቹን ግን መልሺልኝ» ብሎ ሳቀ። እኔም ስቄ፣ ለምን አንተም ዘይቱን አትቀንስም አልኩት። «ሰው ጠይቆኝ ነው? የቢሮዎቹ ሰዎች ራሳቸው ጨምርበት ነው የሚሉኝ» አለኝ። የዚህ መልስ እርስዎ ጋ ነው ያለው።

አራተኛና የመጨረሻ፦ ባለፈው ሳምንት «በማስተባበሪያችን የቅርብ ድጋፍ ውጤታማ ለሆኑ» በሚል ሰንደቅ ሥር ቆሜ የምስክር ወረቀት ስለተቀበልኩ እጅግ አመሰግናለሁ። አቧራ እንዳይነካው በጥንቃቄ በፌስታል ተጠቅልሎ ነው የተሰጠኝ። ማይክሮፎኑን ሲያቀብሉኝ ለደገፉኝ ሁሉ ምስጋና እንዳቀርብ ነግረውኝ ነበርና ሙስዓብን አመሰገንኩ። እርስዎም አጨበጨቡ፤ ከዚያ ወደ ጎንዎ ዘንበል ብለው «ሙስዓብ የትኛው ክፍል ነው?» ብለው ሲጠይቁ ሰማሁ። የዝግጅቱ ምሳ ከሪያድ ቤት መምጣቱንም በዓይኔ አየሁ። አልተቀየምኩም፤ ጥሩ ጎረቤት ነው፣ እንጀራውም ይባረክለት።

የተከበሩ አቶ አብዱልሃዲ፣ ሪያድን እንዲቀጡልኝ አይደለም የጻፍኩት። አዲስ ሥልጠና እንዲያዘጋጁም አልለምንዎትም፤ የሰማነው ይበቃናል። ምግብ ቤትን ማበረታታት ማለት ገብቶ መብላት ነው። የሚቀጥለው ስብሰባችሁ ምሳ፣ ራሳችሁ ካሠለጠናችኋቸው ቤቶች ከአንዱ ይታዘዝ፤ የእኛ መሆን የለበትም። ባልደረቦችዎ ሪያድ ቤት ሲገቡ «ዘይት ጨምርበት» ማለታቸውን ትተው «ቀንስልን» ይበሉት፤ እሱ ያለ ሥልጠናም ይቀንሳል። ቅጠላችን ደረጃ እስኪወጣለት ድረስ ደግሞ፣ ዘመቻና ቁጥጥር አንድ ላይ ሻይ ቢጠጡ ሻዩን እኔ እችላለሁ፤ ስኳሩ ግን ጥቂት ነው።

የስብሰባ አዳራሽዎ ከሰው፣ ጉሮሮዎ ከቃል፣ ማዕድዎ ከበረከት እንዳይጎድል ዱዓዬ ነው። ካጨበጨብኩበት ቀን ጀምሮ ቃልዎን ከእርስዎ በላይ ያመንኩ፣

አክባሪዎ ለጢፋ
ከእኅቷ ከሩፈይዳ ጋር (ደብዳቤው ረዝሟል ብላለች)
በቾ ቦሬ፣ ጅማ

ከፊርማዬ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ የመሥሪያ ቤትዎ ሹፌር ጣሪቅ፣ እርስዎን ሪያድ ቤት ካወረደ በኋላ ምሳውን የሚበላው እኛ ጋ ነው። እባክዎ እንዳይቆጡት። ከምሳ በኋላ እርስዎ የኋላ ወንበር ላይ ጭልጥ ብለው ሲተኙ፣ መንገዱን በሁለት ዓይኑ እያየ ቢሮ የሚያደርስዎት የእኛ ቦሎቄ ነው።